የቆጡን አወርድ ብዬ

ዛሬ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። ቤት አከራዬ ናቸው። ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ይዘዋል።

«ልጀ፣ የመብራት።»

አየሁት። ካለፈው ወር አንድ ብር አልቀነሰም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አምፖሎቼን በሙሉ በቆጣቢ ቀይሬያለሁ።»

«እሰየው! ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«በፊትስ?»

«አራት።»

«እንግዲህ!» አሉኝ።

በግቢያችን ኃይል የሚለካው በዋት አይደለም፣ በአምፖል ነው። ቆጣሪው አንድ፣ ተከራዩ አምስት ቤት። ቴሌቪዥን እንደ አንድ አምፖል፣ ፍሪጅ እንደ ሦስት ይታሰባል። በስልክ ቻርጀር ላይ ገና አልተስማማንም። እኔ 60 ዋት የሚበሉትን አራቱን አውልቄ 9 ዋት የሚበሉ ኤልኢዲዎች ሰቀልኩ። 240 የነበረው 36 ሆነ። ብርሃኑ አልቀነሰም። እንዲያውም ነጩን ስለገዛሁ ሳሎኔ መርፌ መውጊያ ክፍል መስሏል፤ እንግዳ ሲገባ እጅጌውን ሊሰበስብ ይዳዳዋል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ግን ሴትዮዋ ቆጡ ላይ ምን አይታ ነው? ብብቷ ውስጥስ ምን ነበር? አያቴን ብጠይቃቸው «ውኃ ቅዳ» ብለው አባረሩኝ። መልሱን ያገኘሁት አምፖል የቀየርኩ ዕለት ነው። ወንበር ላይ ቆሜ አሮጌውን በጨርቅ ይዤ ስፈታ፣ አዲሱን የያዝኩት በብብቴ ነበር። ክንዴን ትንሽ ከፍ አደረግሁ።

ፕላስቲክ ስለሆነ አልተሰበረም። ሁለት ቀን አብርቶ ግን ጥቅሻ ጀመረ። ጎንደር ፒያሳ ወደገዛሁበት ሱቅ ይዤው ወጣሁ። ካርቶኑ ላይ «የ2 ዓመት ዋስትና» ይላል። ባለሱቁ ሲሸጥልኝ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ «ይኸው፣ ፀሐይ!» ያለ ሰው ነው።

«ወድቋል?»

«አልወደቀም» አልኩ። ዋሸሁ።

«እንግዲያው ኃይል ከፍ ዝቅ ብሎበት ነው። ዋስትናው ለአምፖሉ እንጂ ለኃይሉ አይደለም።»

«ወድቋል ብልህስ?»

«ለወደቀማ ዋስትና የለውም።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ በር አላልፍም። ለፓስቲ እንኳ ዞሬ ነው የምሄደው። የዋሸሁት እኔ ብሆንም ቂሙ የኔ ነው።

ወደ እትዬ ልመለስ። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ስም ያስቀኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሙሉ መላእክት ተሥለውበታል፤ ሁሉም ዐይናቸው እንደተገለጠ ነው። እትዬም እንደዚያው ናቸው። ማታ ማታ በመስኮት በማን ቤት ስንት አምፖል እንደበራ ይቆጥራሉ። የራሳቸውን ምጣድ ግን አይቆጥሩም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይበላል። የኔን 389 ያህል አምፖል ማለት ነው! እሱን አምስት ቤት ተካፍለን እንከፍላለን፤ ምክንያቱም ምጣድ አምፖል አይደለም። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ያበግናል። አንድ ቀን ደፍሬ አነሳሁባቸው።

«እንጀራውን ስልክልህ ትበላ የለ?» አሉኝ።

እበላለሁ። ዝም አልኩ።

ከምጣዱ የባሰ ደግሞ አለ። ጫጩት ያሳድጋሉ። የጫጩቶቹ ካርቶን ላይ የድሮ 100 ዋት አምፖል ሌት ተቀን ይበራል። «ይሄስ አይቆጠርም?» ብላቸው፣ «እሱ መብራት አይደለም፣ እናታቸው ነው» አሉ። የሚያናድደው፣ ልክ ናቸው። የድሮ አምፖል ከሚበላው ዐሥር እጅ ዘጠኙን የሚያወጣው በሙቀት ነው። የጎንደር ክረምት ደግሞ ጫጩት አይምርም።

ለማንኛውም ዛሬ ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ተቀብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ያወለቅኻቸውን አምፖሎች አልጣልኻቸውም አይደል? የጫጩቶቹ ትናንት ተቃጠለ።»

አንዱን አመጣሁላቸው። ገለበጥ አድርገው ጽሑፉን አዩት።

«60 ነው። ይበርዳቸዋል። ሁለት አድርግልኝ።»

ሰጠኋቸው። ይኸው ከመስኮቴ ሆኜ አያቸዋለሁ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን በርተዋል። ጫጩቶቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አምረዋል።