አልቡሚን በወረደ ቁጥር ጾምን መክሰስ ይብቃ

ሰሞኑን አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ አንድ የጤና ውይይት ላይ፣ በሆድ በኩል የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች አልቡሚናቸው (ጉበት የሚሠራው ዋናው የደም ፕሮቲን) በዴሲ ሊትር ከ4 ግራም የሚወርደው «ጾም ስለሚያበዙ፣ ስለማይበሉ ነው» ተባለ። መድኃኒቱም እንቁላል ሆነ! ታዲያ ጾም የሚባል ነገር የማያውቀው፣ ሥጋ ከማዕዱ የማይጠፋው ታካሚስ እዚያው ክሊኒክ 3.3 የሚሆነው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የእጥበት ፈሳሹ ከረጢት ይታይ። ፈሳሹ በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ሊትር ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ከ5 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን ይዞ ይሄዳል፤ አብዛኛው አልቡሚን ነው። ሆድ ዕቃ ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ይብሳል። የወጣውን ከረጢት ጽሑፍ ላይ አስቀምጡት፤ ፊደሉ በፈሳሹ ውስጥ አልነበብ ካለ ናሙናው በዚያው ቀን ይመርመር። በማይክሮ ሊትር ከ100 በላይ ነጭ የደም ሴል ተገኝቶ ከግማሽ በላዩ ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋው ዓይነት) ከሆነ ጉዳዩ የወጥ ቤት አይደለም።

«የወጣውን በምግብ ይተካ» ይሉናል። ጤነኛ ጉበትማ ምርቱን ጨምሮ ብዙውን ያካክሳል። ብግነት ሲኖር ግን አልቡሚኑን ትቶ ሲአርፒንና መሰሎቹን የብግነት ፕሮቲኖች ወደ ማምረት ይዞራል፤ ያኔ በደርዘን እንቁላል ቢበላም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ካቴተሩ (ፈሳሹ የሚገባበትና የሚወጣበት ቱቦ) ከሆድ የሚወጣበት ቀዳዳ መግል ይዟል? ጥርሱስ? ይህን ሳይጠይቁ ሕመምተኛን መገሠጽ ስንፍና ነው።

ውኃውም አለ። የሆድ ዕቃ ሽፋናቸው ቶሎ የሚያሳልፍ ሰዎች ሌሊቱን በሚያድረው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ውኃ ሳቢ ግሉኮስ ሰውነታቸው በጥቂት ሰዓት ይመጠዋል፤ ከዚያ ፈሳሹ ወደ ደም ይመለሳል። ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አልቡሚኑ ይቀጥናል። እዚህ ላይ የሚሠራው የማደሪያውን ፈሳሽ በአይኮዴክስትሪን፣ ማለትም ቀስ ብሎ በሚመጠጥ ትልቅ የስኳር ሞለኪውል፣ መቀየር ነው። ጠንካራ ግሉኮስ መደራረብ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ባለ 2.5 ፐርሰንቱ 2 ሊትር ብቻውን 50 ግራም ስኳር ይዟል። ከዚያ «ለምን አትበላም?» ይባላል።

እሺ፣ ሁዳዴን በእንጀራና በድንች ብቻ የሚገፋ ሰው ፕሮቲን ያንሰዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልጋል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ግን 18 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ፎስፈረሱን ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር አስልቶ መጾም ይቻላል። ሁለት ሊትር ተሸክሞ ማዕድ ከመቅረብ፣ ፈሳሹን አስወጥቶ አዲሱን ሳይሞሉ መብላትም ይረዳል።

ለመሆኑ ያ 4 የተለካው በምን ነው? በላቦራቶሪ ማቅለሚያዎቹ በብሮሞክሬሶል ግሪንና በብሮሞክሬሶል ፐርፕል ሲለካ አንዱ ደም የግማሽ ግራም ያህል ልዩነት ሊያሳይ ይችላል፤ ግሪኑ ከፍ ያደርገዋል። ላቦራቶሪ ስለተቀየረ ብቻ «አልበላህም» የተባለ ሰው አይጠፋም።

አልቡሚን በደም ሥር ይሰጠው የሚሉትማ ምክንያቱን ሳይነኩ ውድ መድኃኒት ያፈሳሉ፤ ከፊሉን በቀጣዮቹ ከረጢቶች መልሰው ያገኙታል።