ለኮርኒሱ አዋጅ ነጋሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በማድ ቤቱና በመተላለፊያው መካከል ኮርኒስ ላይ ለተሰየሙት የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ የጎድን አጥንትንና የስም መጥፋትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች በእርስዎ ሥር መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። "በእርስዎ ሥር" ያልኩት ለትሕትና አይደለም፤ አልጋዬም ምድጃዬም በእርግጥ ከእርስዎ ሥር ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ኪራይ ተካፍለውኝ አያውቁም። ቡና በቆላሁ ቁጥር ጮኸዋል፤ ታግሻለሁ፣ ጎረቤቱም "ሐበሾቹ ቡና እየቆሉ ነው" ብሎ ለምዶታል። ብርዱ ሲበረታና ቤቱ ሲቀዘቅዝ ባትሪዎ ይደክማል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም እናቱ እንደጠፋችበት ጫጩት በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጭው ይላሉ። እኔም በውስጥ ሱሪ ወንበር ላይ ቆሜ ባትሪ ቀይሬልዎታለሁ። ይህን ሁሉ ውለታ ለመቁጠር አልተነሣሁም። የቅዳሜው ነገር ግን በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም።

ነገሩ የተጀመረው በሥራ ቦታዬ የምሳ ክፍል ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ የቻይናዋ የዉሺ ከተማ ልጅ። ዉሺ ከሻንግሃይ ብዙም አትርቅም፤ ጣፋጭ በሆነ የጎድን አጥንቷ የታወቀች ናት። በዚያ አገር ወጥ ውስጥ ስኳር መጨመር ማንንም አያሳፍርም። አንድ ቀን ከምሳ ዕቃዋ አንድ ቁራጭ አቀበለችኝ። ቡናማ ነው፣ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል፣ ጣት ይዞ አይለቅም። በላሁት። ምን እንደሆነ የጠየቅሁት ከበላሁ በኋላ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ሳይታሰብበት የሆነ አይደለም። ሰኮናው ተሰንጥቆ የማያመሰኳው መሆኑን ስትነግረኝ አጥንቱን በሁለት ጣቴ እንደያዝኩ ትንሽ አሰብኩ። አስቤም ሁለተኛውን ጠየቅሁ።

አሠራሩን ስትነግረኝ ወረቀት እንኳ አላስፈለገም፤ በአንድ እጅ ጣት ያልቃል። 1 ማንኪያ የሩዝ ወይን፣ 2 ሶያ ሶስ፣ 3 ስኳር፣ 4 አቼቶ፣ 5 ውኃ። አቼቶው ከሩዝ የሚጠመቀው ጥቁሩ ነው፤ የእኛ ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ነጩ ቦታውን አይተካም። የጎድን አጥንቱን ባለሥጋ ቤቱ በመጋዝ ጣት በሚያህል ርዝመት ይቆራርጠዋል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ተጥዶ ይፈላል፣ ግራጫው አረፋ ይገፈፋል፣ አጥንቱ እንደገና ይታጠባል። እዚህ ላይ ስደርስ ልቤ ተረጋጋ። ዶሮን 12 ብልት አውጥታ በሎሚና በጨው ውኃው ኩልል እስኪል የምታጥብ እናት ላሳደገችው ሰው፣ ሥጋ ሳያጠቡ የሚጥዱ ሕዝቦች ሁልጊዜ ያስፈሩታል። ቻይናዎቹ በዚህ በኩል ዘመዶቻችን ናቸው።

ቅዳሜ ማታ ሞከርኩት። ረቡዕም አርብም አልነበረም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። አጥንቱን በጥቂት ዘይት አገላበጥኩ፣ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ጣልኩበት፣ ኮከብ የሚመስለውን ቅመም አንድ ፍሬ ጨመርኩ፣ አምስቱን ልኬታዎች ቆጥሬ ከደንኩት። 45 ደቂቃ ያህል ዝግ ባለ እሳት ተንተከተከ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እርስዎ ትንፍሽ አላሉም። ቤቱ የዝንጅብልና የስኳር ሽታ ብቻ ነበር።

ጉዱ ያለው ከክዳኑ በኋላ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ሊላቀቅ ሲል ክዳኑ ይነሣል፣ እሳቱ ይጨመራል፣ መረቁ እየተመጠጠ አጥንቱን ይለብሰዋል። "እዚያው ቁም" ብላኛለች የዉሺዋ ልጅ፣ "ዓይንህን አትንቀል።" መጀመሪያ አረፋው ጥቃቅንና ፈጣን ነው፤ ቀጥሎ ይተልቃል፣ ይዘገያል፣ ያብለጨልጫል። ማማሰያውን በመጥበሻው ወለል ላይ ስትጎትተው መንገድ ይከፈታል፣ መንገዱም ወዲያው ሳይሆን ቀስ ብሎ ይዘጋል። ያን ጊዜ ነው ማጥፋት። መረቁ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ውኃው ካለቀ ግን የሚገታው የለም፤ ስኳር 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀልጦ ይቀላል፣ ትንሽ ካለፈ ይመራል፣ ከዚያም ይጨሳል። ከመልካም እራት እስከ ከሰል ያለው ርቀት ሁለት ደቂቃ ነው።

በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች የዕቁባችን ዳኛ ደወለ። ዕጣው የወጣልኝ መስሎኝ ሮጬ አነሣሁ። የባለፈውን ወር አልከፈልክም ሊለኝ ነው።

እዚህ ላይ "እርስዎ" ማለቱ ይቅርብኝ። ጮኽህ።

መጮህስ ይሻል ነበር፤ አንተ ነጋሪት ነው የጎሰምከው። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" የተባለ እስኪመስል ድረስ ከአንደኛ ፎቅ እስከ ሰባተኛው ያልሰማህ የለም። በልጅነቴ የሰፈራችን አሳባቂ እንኳ ወሬውን የሚያደርሰው በጆሮ ነበር፤ ያውም ቡና ከተፈላለት። ፎጣ ይዤ ከሥርህ እየዘለልኩ አራገብኩልህ፤ በመስኮት ያየኝ ሰው እስክስታ የምመታ ነው የሚመስለው። በሩ ተንኳኳ።

ከፊት ለፊቴ ያሉት እማማ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በጆግ ውኃ ይዘው።

"ልጄ፣ ምን ነደደ?"

"ምንም አልነደደ እማማ። ወጥ ትንሽ ያዘብኝ ነው።"

ገቡ። አሸተቱ። "ሽታውስ ሸጋ ነው። በግ ነው?"

"ጎድን ነው" አልኩ። ውሸት የለበትም።

"እስቲ ልቅመስልህ።"

"የቻይና አሠራር ነው እማማ፣ አይስማማዎትም።"

"ቻይና አዲስ አበባ ላይ ቀለበት መንገዱን ሠርቶልን የለም እንዴ? ወጥ ያቅተዋል?"

"ተቃጥሏል እኮ!"

"ያረረውን እፍቀዋለሁ" አሉና እጃቸውን ወደ መጥበሻው ሰደዱ። እኔ ብዙ ነገር ልሆን እችላለሁ፤ የሰባ ዓመት ቆራቢ እናት ሳያውቁ የምመግብ ግን አይደለሁም።

"እማማ፣ አሳማ ነው።"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንተም በዚያችው ቅጽበት ዝም አልክ። ሰዓትህን ምን ቢያሳምርልህ ነው! ሳራግብልህ፣ ስለምንህ፣ መስኮት ስከፍትልህ አሻፈረኝ ብለህ፣ ልክ ኃጢአቴን ስናዘዝ አፍህን ዘጋህ። እማማ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩህ። ከዚያም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣

"ለካ አውቆ ነው የጮኸው" አሉ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዎች አናገሩኝ። ስለ እኔ የጠየቀ የለም፤ የጠየቁት ስለ አንተ ነው። አንደኛዋ ለጎረምሳ ልጇ ክፍል እንደ አንተ ያለ ከየት እንደሚገዛ ጠየቀችኝ። ሌላዋ ረቡዕ ቀን ቅቤ ብትነካ ይሰማህ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገች።

እኔ ግን ሆድህን አውቀዋለሁ። ውስጥህ ያለው አሜሪሲየም 241 የሚባል ጨረር አመንጪ ብናኝ ነው፤ ክብደቱ አንድ ማይክሮግራም አይሞላም። በሁለት ብረቶች መካከል ያለውን አየር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ የጭስ ቅንጣት ሲገባ ያች ጭላጭ ኤሌክትሪክ ትቀንሳለች፤ ስትቀንስ ትጮኻለህ። እውቀትህ ይኸው ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንን አልገለጥክም። የይርጋ ጨፌ ቡና፣ የዉሺ ስኳርና የሚነድ ቤት ለአንተ አንድ ናቸው። በብርሃን የሚሠራው የአጎትህ ልጅ እንኳ ለማድ ቤት ጭስ ከአንተ የተሻለ ትዕግሥት አለው። ደንቡ ከምድጃ 3 ሜትር እንድትርቅ ይመክራል፤ እኔ ስለካው ሁለት እርምጃ ነህ። ይህ የሰቀለህ የአከራዩ ሠራተኛ ጥፋት እንጂ የአንተ አለመሆኑን በቅንነት አምናለሁ። ባትሪህንም ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አልወረውርህም፤ እንቅልፌ ከባድ ነው፣ አንድ ሌሊት ደግሞ እውነቱን ልትጮህ ትችላለህ።

መጥበሻው ሦስት ቀን ተዘፈዘፈ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ደገምኩት። ስልኩን ትራስ ሥር ቀበርኩ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ በማማሰያው የከፈትኩት መንገድ መዘግየት ሲጀምር እሳቱን አጠፋሁ፤ የቀረውን የመጥበሻው የራሱ ትኩሳት ጨረሰው። እያንዳንዱ አጥንት መስታወት መሰለ። ሰሊጥ ነሰነስኩበት። አንተ እዚያው ተሰቅለህ፣ ቀይ መብራትህን ብልጭ እያደረግህ፣ ጭጭ አልክ።

እሑድ ረፋድ ላይ እማማ አንኳኩ። ግማሽ ድፎ ዳቦ በነጠላ ሸፍነው ይዘዋል።

"ትናንት ማታ ሳዳምጥ ነበር" አሉ፤ "ዝም አለ።"

"አዎ እማማ፣ ዝም አለ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን! ተመልሰሃል ማለት ነው" ብለው ድፎውን ሰጡኝና ጉንጬን ስመው ሄዱ። እኔም በሩን ዘግቼ፣ ድፎውን ከመጥበሻው ወለል በተረፈው መረቅ እያጠቀስኩ ጨረስኩት። ይጥማል።

ስለዚህ ጩኸትህ ክስ፣ ዝምታህ ምስክርነት ሆኖ እየተቆጠረ መሆኑን እንድታውቀው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደ ትናንትናው እንድትተባበረኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከሥርህ ያለው ተከራይ

ግልባጭ፦
ለፎጣው
ለመስኮቱ
ለዕቁቡ ዳኛ (ከእራት በኋላ እንዲደውል)
ለእማማ (እንዳይደርሳቸው)