ማሽኑ ስላላገኘው ብቻ አይደለም

በጎንደር ፒያሳ ቼዝ በሚጫወቱ ወጣቶች ዘንድ አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ጨዋታው አልቆ እጅ እንደተጨባበጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቡና ሳይቀዘቅዝ ስልክ ይወጣል፤ ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ማን የት እንደተሳሳተ የሚበይነው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ነው። «ፈረሱን መሠዋትህ ስህተት ነበር» ይባላል፤ ክርክሩም እዚያው ይዘጋል። ልጁ ምን አይቶ ፈረሱን እንደሠዋ የሚጠይቀው የለም።

ይህ የማሽን አምልኮ ያስመረራቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ መጽናኛ አግኝተዋል። ኮምፒዩተር ሊያገኛቸው የተቸገረባቸውን የታላላቅ ተጫዋቾች ኮምቢኔሽኖች (ተያይዘው የሚሄዱ የእንቅስቃሴ ሰንሰለቶች) እየዘረዘሩ «አያችሁ፣ ሰው አሁንም ይበልጣል» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የያዙት መለኪያ አንድ ነው። አንዱ ማሽኑ ስላገኘው ያደንቃል፣ ሌላው ማሽኑ ስላላገኘው ያደንቃል፤ ተጫዋቹ ያሰበውን ለመመርመር ግን ሁለቱም አይደክሙም።

ዘወትር በአብነት የሚነሣውን ጨዋታ እንመልከት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1998 በስፔን ሊናሬስ ቬሴሊን ቶፓሎቭ በነጭ፣ አሌክሲ ሺሮቭ በጥቁር ተጋጠሙ። ጥቁር 47ኛውን እንቅስቃሴ ሊያደርግ ሲል ቦርዱ ላይ የቀረው ጥቂት ነበር (የቦርዱ ካሬዎች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ)። የነጩ ንጉሥ ጂ1፣ ቢሾፑ ሲ3፣ ወታደሮቹ ጂ2 እና ኤች4 ላይ ናቸው፤ የጥቁሩ ንጉሥ ኢ6፣ ቢሾፑ ኤፍ5፣ ወታደሮቹ ኤ4፣ ዲ5፣ ኤፍ6 እና ጂ6 ላይ ቆመዋል። ጥቁር በሁለት ወታደር ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ቢሾፖች የሚሄዱት በተለያየ ቀለም ካሬዎች ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ በአቻ ይጠናቀቃል። ቦርድ ያለው አንባቢ ደርድሮት ትንሽ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሺሮቭ ቢሾፑን ወስዶ ኤች3 ላይ፣ የጂ2 ወታደር አፍ ውስጥ አስቀመጠው። የበላው ነገር የለም፤ ቼክም አላለም፤ ማለትም የነጩን ንጉሥ አላጠቃም። ምክንያቱ ግን ከተረዱት በኋላ እጅግ ቀላል ነው። የጥቁሩ ንጉሥ ቀድሞ ኢ4 ላይ ከደረሰ የኤን እና የዲን ወታደሮች አጅቦ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሊያሻግርና ንግሥት ሊያደርግ ይችላል። መንገዱ በኤፍ5 በኩል ነው፤ ኤፍ5 ላይ ደግሞ የራሱ ቢሾፕ ተገትሯል። ቢሾፑ እንዲሁ ገለል ቢል የነጩ ንጉሥ በኤፍ2 አልፎ ኢ3 ይገባና በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ቢሾፑ መንገዱን ሲለቅ ነጩን አንድ ተራ ማባከን አለበት፤ ለዚህም ኤች3 ላይ ሄዶ መሞት ነበረበት። ቶፓሎቭ ባይበላው ኖሮም ቢሾፑ የጂ2ን ወታደር ያጠቃል፣ ንጉሡም መንገዱን ያገኛል። ቶፓሎቭ በላው፤ የጥቁሩ ንጉሥ በኤፍ5 አድርጎ ኢ4 ገባ፤ የነጩ ንጉሥ በአንዲት እርምጃ ዘገየ። የነጩ ቢሾፕ በሁለት አቅጣጫ የሚገሰግሱትን ወታደሮች ማገድ አልቻለም፤ ከጥቁር 53ኛ እንቅስቃሴ በኋላ ቶፓሎቭ እጁን ሰጠ።

የዚያን ዘመን ፕሮግራሞች ይህን እንቅስቃሴ ለማግኘት የተቸገሩት ፍጥነት ስላነሳቸው አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1997፣ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ያሸነፈው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር በሴኮንድ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ አቋሞችን (የቦርዱን አሰላለፎች) ይመረምር ነበር። ችግሩ ያለው በመረጣው ላይ ነው። በአንድ አቋም ላይ 30 እና ከዚያ በላይ አማራጭ መኖሩ የተለመደ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው እከተላለሁ ያለ ፕሮግራም ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ይሰምጣል። በመሆኑም ፕሮግራሙ ተስፋ የሌላቸው የሚመስሉትን አማራጮች ቶሎ ይቆርጣል ወይም በጥልቀት ሳያያቸው ያልፋል። ቢሾፕን በነፃ መስጠት በዚህ ወንፊት የሚቀር እንቅስቃሴ ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ብዙ እርምጃ ካለፈ በኋላ ነውና። ሺሮቭ የሄደበት መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፦ መድረሻውን አስቀድሞ አይቶ፣ እዚያ እንዳይደርስ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ጠይቆ፣ እንቅፋቱ የራሱ ቢሾፕ ሆኖ ሲያገኘው አስወገደው። ማስላቱ የመጣው ከሐሳቡ በኋላ ነው።

የዛሬው ስቶክፊሽ ግን ይህን እንቅስቃሴ ያገኘዋል። ከ2020 ጀምሮ የአቋሙን ዋጋ የሚመዝነው ከምሳሌዎች በሚማር የነርቭ መረብ በተባለ ስሌት ነው፤ ኮምፒዩተሮቹም እጅግ ፈጥነዋል። የሺሮቭ እንቅስቃሴ ድንቅነት ማሽኑ ባለማግኘቱ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሶፍትዌር በታደሰበት ቀን ድንቅነቱ በተሰረዘ ነበር። «ማሽኑ አላገኘውም» በሚል መመኪያ ላይ የማልተማመነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2017 ይፋ የሆነችው የሳይንቲስቱ ሮጀር ፔንሮዝ እንቆቅልሽም የዚሁ ወገን ናት። ጥቁር ንግሥት፣ ሁለት ሩክና ሦስት ቢሾፖች አሉት፤ ነጭ ከንጉሡ ጋር አራት ወታደር ብቻ ይዟል። ፕሮግራሞቹ ጥቁር ያሸንፋል ይሉ ነበር፤ ሰው ግን የጥቁር ቢሾፖች ሁሉም በጥቁር ካሬ እንደሚሄዱና ሌሎቹ ጓዶቻቸው ታጉረው እንደቀሩ አይቶ፣ ነጩ ንጉሡን በነጭ ካሬዎች ላይ እያመላለሰ አቻ እንደሚወጣ ይረዳል። ደስ የምትል እንቆቅልሽ ናት፤ ከዚያ አልፎ ግን ሰው ከማሽን እንደሚበልጥ ማስረጃ አትሆንም።

ለክርክሬ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ማሽኑ «ስህተት» የሚለው እንቅስቃሴ ነው። በ1960 በሞስኮ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 6ኛ ጨዋታ የ23 ዓመቱ ሚካኤል ታል በሚካኤል ቦትቪኒክ ላይ ፈረሱን ኤፍ4 ላይ ሠዋ። ተመልካቹ ከመንጫጫቱ የተነሣ ጨዋታው ወደ ጓዳ ክፍል ተዛወረ። ቦትቪኒክ ትክክለኛውን መልስ ሳያገኝ ተሸነፈ፤ በኋላ በተደረገ ትንተና ግን ነጭ የበላይነት የሚያስገኝለት መንገድ እንደነበረው ታወቀ። እንግዲህ የዛሬ ልጅ ይህን ጨዋታ ከፍቶ ከእንቅስቃሴው ጎን የስህተት መጠቆሚያ የሆነውን የጥያቄ ምልክት ቢያይ ምን ይማራል? ታል የተጫወተው ሰዓት ከሚቆጥርበትና ከሚደክም ሰው ጋር ነው፤ የሠዋው ፈረስ በተቃዋሚው ፊት የከመረውን የጥያቄ ብዛት ስልኩ አይመዝነውም። የሚገርመው ደግሞ መሐንዲስ የነበረው ቦትቪኒክ ከጊዜ በኋላ ብዙ ዓመታቱን የሰጠው እንደ ሰው እየመረጠ የሚያስብ የቼዝ ፕሮግራም ለመሥራት መሆኑ ነው። አልተሳካለትም፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ምዘና ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ የተባለው የአገራችን ቼዝ፣ ከሰሜን ገዢዎች ወገን የተወለዱት እቴጌ ጣይቱም የሚታወቁበት ጨዋታ፣ በወረራ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪደርስ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጓዛቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አጨራረሱ ነው። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ ንጉሡ በምን እንደተያዘ ይጠየቃል። በፈረስ ወይም በሩክ ቦታ ባለው ጠጠር መያዝ ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ጠጠሮች፣ ይልቁንም በወታደር መያዝ ግን ያስከብራል። ውጤቱ አንድ ሆኖ ሳለ መንገዱ ለብቻው ይመዘን ነበር።

ስልኩን ጣሉት እያልኩ አይደለም። አገራችን እስካሁን ግራንድማስተር (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ ያለው ተጫዋች) አላፈራችም፤ ጎንደር ላለ ልጅ ያለ ክፍያ የሚገኘውና ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራው አሠልጣኝ ስቶክፊሽ ነው። ቅሬታዬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተጫዋቾቹ ያሰቡትን ሳይነጋገሩ ቁጥሩ ከቀደመ፣ ልጁ በሚቀጥለው ጨዋታ ፈረሱን አይሠዋም፤ የተሻለ ነገር ስላየ ሳይሆን በጓደኞቹ ፊት ላለማፈር።

ስለዚህ በከተማችን የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ውድድር ለሚያዘጋጁ ወገኖች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዋንጫው ጎን ለውብ ጨዋታ የሚሰጥ ሽልማት ይኑር። አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1876 በኒውዮርክ ሄንሪ በርድ ጄምስ ሜሰንን ባሸነፈበት ጨዋታ እንዲህ ያለ ሽልማት ተቀብሏል። ዳኞቹ ሦስት ይሁኑ፤ ተጫዋቹ ያሰበውን በቃሉ ያስረዳ፤ ዳኞቹም ውሳኔያቸውንና ምክንያታቸውን ጽፈው ይፈርሙ። ስልክ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ በኮምቢኔሽኑ ውስጥ ቀዳዳ ቢያገኝ ቀዳዳው ከጨዋታው ጋር አብሮ ይለጠፍ፤ ሽልማቱ ግን አይመለስ።