ለ500 ዩሮ መንግሥት ይከሰሳል?

ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት በሬን አንኳኩታ «ፈረዱልኝ!» አለችኝ። እዚህ ሮም የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ማንን ከሰሽ ብላት፣ መንግሥትን። ለስንት? ለ500 ዩሮ! ሳቄ አመለጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣሊያን መንግሥት ለቋሚ አስተማሪዎች በዓመት 500 ዩሮ የመጽሐፍና የኮምፒውተር መግዣ ሲሰጥ ኮንትራቶቹን ዘለላቸው። በ2022 (በፈረንጅ) የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ይሄ ልክ አይደለም አለ። እሷም የቀረባትን ልትጠይቅ ሄደች። ኮንትራቷ ሴፕቴምበር ተጀምሮ ጁን 30 ያልቃል። ክረምቱን ሥራ አጥ ናት። ይኸው 9 ዓመት ሞላት።

እንዲህ ያለውን ሠራተኛ «ፕሬካሪዮ» ይሉታል። ሥሩ ላቲን ነው፤ በልመና የተገኘ እንደማለት። የኛው ደጅ ጥናት አይደል?

ደጅ ጥናቱንማ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ 4 ዓመት «ጊዜያዊ» ነበርኩ። በየ3 ወሩ «ኮንትራቴ እንዲታደስልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። አለቃዬ «በጀቱ ይታያል» ይላሉ። እስኪታይ ደሞዝ የለም። ሥራው ግን አለ! ፋይል ተሸክሜ ፎቅ ለፎቅ ስሮጥ እውላለሁ። የሻይ ቤቷ እትዬ የዱቤ ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ የኔ ስም ነበር። አንዴ ቋሚ መደብ ወጣ ተባለ። ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አቧራውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ።

የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚባል መኖሩን የሰማሁት አገር ከለቀቅኩ በኋላ ነው። ብሰማስ? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምቼ አድጌ!

ጣሊያንንም አላሞግስም። ሕገ መንግሥታቸው የመንግሥት ሥራ በውድድር ይገኛል ስለሚል፣ ኮንትራት ተደጋገመ ብሎ ዳኛ ቋሚ አያደርግም። ካሳ ነው የሚቆርጠው፤ ከ2024 ወዲህ ከ4 እስከ 24 ወር ደሞዝ። ጎረቤቴም ሴፕቴምበር ሲመጣ ተመልሳ ትሰለፋለች። ስትሰለፍ ግን አንገቷን አትደፋም። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ደብዳቤዎቼ እስካሁን ሻንጣ ውስጥ አሉ። 16 ናቸው፤ ሁሉም ቲተርና ማኅተም አላቸው። አውጥቼ አሳየኋት። ፊደሉን አታነብ፣ ማኅተሙን እየቆጠረች አገላበጠቻቸውና «ጠበቃዬ ይያቸው?» አለችኝ።

ተነስቼ ቡና ጣድኩ።