ለቡና የሚበቃ ተኩስ አቁም

ቤይሩት ከመጣሁ 11 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በኮንትራት ሰው ቤት ሠራሁ። አረብኛ ማንበብ የለመድኩት የቤቱን ልጆች የቤት ሥራ እያሠራሁ፣ አብሬያቸው ፊደል እየቆጠርኩ ነው። አንድ ማታ ትልቋ ልጅ ግጥም በቃሏ ታጠና ነበር። ስለ እናት ዳቦና ስለ እናት ቡና ናፍቆት የሚል። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘግቼ ቆሜ ሰማኋት።

ገጣሚው ፍልስጤማዊው ማሕሙድ ዳርዊሽ ነው። ያን ግጥም የጻፈው በወጣትነቱ፣ እስራኤል ውስጥ ታስሮ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ የሱን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

እ.ኤ.አ. በ1941 ገሊላ ውስጥ፣ አል-ቢርዋ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1948ቱ ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ። ዓመት ገደማ ቆይተው በድብቅ ሲመለሱ መንደራቸው ፈርሳለች። የሕዝብ ቆጠራውም አምልጧቸዋል። በገዛ አገራቸው ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ሆኑ። ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ልጁን ይደብቀው ነበር። ይህን ሳነብ የማውቃቸው የኛ ልጆች ትዝ አሉኝ። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው፣ ፖሊስ ባዩ ቁጥር መንገድ የሚቀይሩ። እኛ ግን የምንደበቀው በሰው አገር ነው። ደሴ፣ እናቴ በር ላይ፣ ማንም መታወቂያ አይጠይቀኝም። እሱ የተደበቀው ከተወለደበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ ነው።

በኋላ ከአገሩ ወጣ። ሞስኮ፣ ካይሮ፣ ከዚያ ቤይሩት። በ1982 የእስራኤል ጦር ቤይሩትን ሲከብ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበር። ስለዚያ ክረምት፣ ስለ አንዲት የነሐሴ ቀን የጻፈው የስድ ንባብ መጽሐፍ አለው። ከሁሉ ያስገረመኝ አጀማመሩ ነው። ጎህ ሲቀድ ከተማዋ ከባሕርም ከሰማይም ትደበደባለች። እሱ የሚፈልገው ቡና ነው። ወጥ ቤቱ ደግሞ በመስታወት ወደ ባሕሩ የተከፈተ ነው፤ ቡና ላፍላ ያለ ሰው መርከቦቹ ፊት መቆሙ ነው። እናም የአምስት ደቂቃ ተኩስ አቁም ይመኛል። ለሰላም አይደለም፣ ለቡናው። ገጽ በገጽ ስለ ውሃው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ አረፋው ይጽፋል።

እኔ ያን ቡና አውቀዋለሁ። በራክዌ፣ በዚያች እጀታዋ ረጅም በሆነች የቡና ማፍያ፣ ከሄል ጋር፣ ሦስት ጊዜ እየገነፈለ ስንት ሺህ ጊዜ አፍልቻለሁ። እዚያው ላይ ዳርዊሽ የጠዋት ቡና በትሪ ሊመጣልኝ አይገባም ይላል። ትሪ ያመጣ ሰው ወሬም ያመጣልና፣ የመጀመሪያዋን ዝምታ ያበላሻል። ትሪ አቅራቢዋ እኔ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ከፋኝ። ቆይቶ ግን ገባኝ። እስር ቤት ሳለ የናፈቀው የእናቱን ቡና ነበር፣ ከሰው እጅ የሚቀበለውን። ቤይሩት ላይ ብቻውን የሚያፈላውን፣ ማንም የማይነካበትን ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ስደትና ጦርነት ነው። ይህን በሀተታ አልነገረንም። ሲኒው ውስጥ ነው ያስቀመጠው።

እኛ ቤት ቡና ያለ ወሬ አይጠጣም። ጎረቤት ካልተጠራ ቡናው ቡና አይባልም። እዚህ ግን እኔም የጠዋቱን ብቻዬን፣ ቆሜ መጠጣት ለምጃለሁ። ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ለሳምንታት ስልክ አልገባልኝም። በመጨረሻ ድምጿን ስሰማ እያለቀስኩ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ወጣሽ አልኳት። ስለ መድፉ አንድም አልነገረችኝም። «ረከቦቱን እንደተዘረጋ ጥዬው ወጣሁ፣ ሲኒ እንኳን አላጠብኩም» አለችኝ። ደጋግማ ይህንኑ። የስደት ግጥሞቻችን ባንዲራና ተራራ ሲበዛባቸው፣ እኔ ሁልጊዜ ያ ያልታጠበ ሲኒ ይታየኛል። ዳርዊሽ ቢሰማት ኖሮ ይረዳት ነበር ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ ዳሕዬ በአውሮፕላን ሲደበደብ፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነን ነበር። ከመካከላችን ሦስቱ፣ አሠሪዎቻቸው በር ቆልፈው ሲሸሹ መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ማንም አይናገርም። አንዷ ተነሳችና ምጣዱን ጣደች፣ ቡናውን ማጠብ ጀመረች።

«አሁን?» አልናት።

«ታዲያ መቼ?» አለች።

በረካው ሲቀዳ ድብደባው ገና አልቆመም ነበር።