ማስተካከያ፦ በቅሎ የምትቆመው በእልህ አይደለም

ባለፈው ስለ ጅማ የጋሪ ፈረሶችና የጭነት በቅሎዎች ስጽፍ፣ በቅሎ መንገድ ላይ ቀጥ የምትለው በእልህ ስለሆነ "ሾጥ አድርጓት" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ምክሩን አንስቻለሁ፤ ይቅርታ።

በቅሎ "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" አለች ይባላል። ጠባይዋ ግን ከአህያ አባቷም የመጣ ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ብዙውን ጊዜ መሮጥ ይቀናዋል። እሷ ግን ስትጠራጠር ትቆማለች፣ ጆሮዋን ቀስራ ታያለች። በክረምት ጎርፍ የሸፈነው መንገድ ላይ ጥልቀቱን በምን ታውቃለች? ጅራፍ ሲያርፍባት ያ ቦታ የባሰ ያስፈራታል። ትንሽ ጊዜ ስጧት። አንድ እርምጃ ስትራመድ ገመዱን ወዲያው አላሉላት። ትክክል መሥራቷን የምታውቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ዘግይታችሁ ካላላችሁት፣ ለምን እንደላላላት አይገባትም።

ሌላም አለ። ፈረስ ቆሞ መሬት የሚጭረው "ለሥራ ቸኩሎ ነው" ብያለሁ። ሁሌም አይደለም። ብዙ ጊዜ ታስሮ መቆየት ሲሰለቸው፣ ወይም መኖ እያየ ሳይደርስበት ሲቀር የሚያሳየው ብስጭት ነው። የፈረስ ጨጓራ ባዶም ሆኖ አሲድ ያመነጫል፤ ተፈጥሮው ቀኑን አብዛኛውን ሲግጥ መዋል ነው። ስለዚህ ጅማ መርካቶ ደንበኛ ስትጠብቁ ትንሽ ሳር አቅርቡለት። እየጫረ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ካየ ወይም ከተንከባለለ ግን ሆዱን ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ጋሪውን ፍቱና ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።