ቀልዴን ነው (ከአራት የሳቅ ፊት ጋር)

ከቀልዳቸው በኋላ «ቀልዴን ነው» ብለው ለሚጽፉ፣ አራት የሳቅ ፊትም ለሚደረድሩ ወገኖቼ በሙሉ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ድሮ አንባቢ ስንት መከራ ያይ ነበር! ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ጭንቅላቱን ሲያክ ያመሻል። የቅኔ ተማሪማ ዓመታት ይፈጅበታል። አሁን ዕድሜ ለእናንተ፣ ወርቁ «እኔ ወርቅ ነኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል።

አያቴ ይህን ሥልጣኔ ሳታየው አለፈች። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር ከጓዳ ሆና «እሰይ! የቀሩትንም ጨርስልኝ» ትል ነበር። ፊቷ አይታይ፣ ሳቋ አይሰማ። የቀሩትን የጨረሰ ልጅ ግን አላስታውስም። ምስኪን፣ ያለ ምልክት እንዳሽሟጠጠች ኖረች።

ቋንቋውም እንደ እሷ ነው፤ ትርፍ ነገር ይወዳል። ሽሙጥ አለ፣ አሽሙር አለ፣ አግቦ አለ፣ ስላቅ፣ ምጸት፣ ፌዝ፣ ለበጣ፣ ተረብ። ሰው ለመንካት ስምንት ቃል ምን ያደርጋል? እናንተ ሁሉንም አንድ ቢጫ ፊት ውስጥ ጠቅልላችሁ ከታችሁልን። እጃችሁ ይባረክ።

እኔ ይህን ጥበብ የተማርኩት በመከራ ነው። በኮንዶሚኒየማችን ውኃ ከጠፋ 11ኛ ቀኑን ያዘ። በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ኮሚቴያችንን ከልብ አመሰግናለሁ። ውኃ በመጥፋቱ የቧንቧ መንጠባጠብ ችግራችን ሙሉ በሙሉ ተቀርፏል።»

ሰብሳቢው ወዲያው መለሱ። «ምስጋናዎ ደርሶናል። በቀጣይም ተግተን እንሠራለን።»

ሦስተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤቴ «ስንት ከፈሉህ?» አለኝ። አንዲት እናት ደግሞ «እናንተ ጋ ቧንቧ ተጠገነ እንዴ? እኛ ጋ ለምን አልመጡም?» ብለው ተቆጡ። ሲጨንቀኝ «ቀልዴን ነው» ብዬ አራት የሳቅ ፊት ደረደርኩ። ሰብሳቢው «በውኃ አይቀለድም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለመቀለድም መጀመሪያ ውኃ መኖር አለበት።

የሳቅ ፊቱ ሌላም በረከት አለው። የሰውን መልክ፣ ትዳርና ኪስ አብጠልጥለህ ስትጨርስ ሁለት ፊት ጣል ታደርጋለህ። ተሰዳቢው ከተቀየመ «ቀልድ አይገባህም እንዴ?» ትለዋለህ። ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ያርፋል። እንዲህ ያለ ጠበቃ በገንዘብ አይገኝም።

ፈረንጆች ለዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንስ በ1668 እ.ኤ.አ. ለምጸት የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ይሁን አለ። በ1899 ፈረንሳዊው አልካንተር ደ ብራህም የጥያቄ ምልክትን ወደ ኋላ አዙሮ የራሱን አቀረበ። በ2010 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለስላቅ አዲስ ምልክት ሠርተው በ1.99 ዶላር መሸጥ ጀመሩ። አሜሪካ መቼም አሽሙርንም በችርቻሮ ይሸጣል። ሦስቱም ሕዝብ ሳይለምዳቸው ቀሩ።

የእኛው ግን በነጻ ተቀምጧል። ትእምርተ ስላቅ ይባላል። ቃለ አጋኖን በጭንቅላቱ ማቆም ነው፤ እንዲህ፦ ¡። ስፓኒሾች ይህንኑ ቅርጽ ለአድናቆት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ያደርጉታል። እኛ መጨረሻ ላይ ነው የምናደርገው፣ ተናግረን ከጨረስን በኋላ። ሥርዓተ ነጥብ ሲዘረዘር ከአራት ነጥብና ከድርብ ሰረዝ ጋር ስሙ ይነሳል። ብዙ ስልኮች ላይም ቃለ አጋኖውን ጫን አድርጎ ለያዘ ሰው ብቅ ይላል። ታዲያ አለመጠቀማችሁ ምንኛ ብልህነት ነው! በአንድ ጭረትና በአንዲት ነጥብ የሚያልቀውን ነገር በአራት ፊት መሥራት የትጋት ምልክት ነው።

(እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ምልክት የተለጠፈበት አሽሙር «ልነድፍህ ነው፣ ትፈቅዳለህ?» የሚል ንብ ነው። ግን ማን ጠየቀኝ።)

ቢሆንም አንድ ቀን ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። ውኃው ሳይመጣ መብራቱም ሄደ። ባትሪዬ 6 በመቶ ቀርቶታል። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ለግሩፑ ጻፍኩ፦ «መብራቱ መጥፋቱም መልካም ነው፤ ባዶ ባልዲ ከማየት ተገላገልን¡»

መጀመሪያ የመለሰልኝ የታችኛው ፎቅ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ቃለ አጋኖዎ ተገልብጧል። ስልክዎን ያሠሩት» አለኝ። ያቺ እናት «እኛ ጋም እንዲሁ ነው የሚታየው» ብለው አጸኑለት። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ስልኬን የሚያይልኝ ሰው ቁጥር ላከ።

ሰብሳቢው ጽሑፌ ላይ ቀይ ልብ አስቀመጡ።